ያልሄደው መልእክት

«እትዬ ራዲያ፣ ፓስወርዱን ቀይረውታል እንዴ?»

ኢክራ ይህን ስትጠይቅ ዓይኗን ከሴትዮዋ ፊት አልነቀለችም። ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ማረፊያ ያጣል ሲባል ሰምታለች። እትዬ ራዲያ ግን ከረጢት ሙሉ አዝራር ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግፈው ነጩን ከጥቁሩ እየለዩ ስለነበር ቀና እንኳ አላሉም።

«የምኑን ፓስወርድ?»

«የዋይፋዩን። ላፕቶፔ ከጠዋት ጀምሮ አልገባ ብሎኛል።»

«ልጄ፣ ያንን ነገር በቃሌ መያዝ ቢያቅተኝ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፤ ይኸውልሽ። ብቀይረውማ ቀድሞ የሚቆለፈው በራሴ ላይ ነው።» እትዬ ራዲያ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ወደ እሷ አዞሩት። አንዲት ሴት ቡላ ስታገነፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። «አየሽ? እንዲያውም ዛሬ ፈጥኗል።»

ኢክራ አመስግና ልትወጣ ስትል ቆም አለች። ማን ያውቃል፣ በራሳቸው የሞባይል ካርድ እያዩ ቢሆንስ? አንገቷን ሰገግ አድርጋ የስልኩን አናት አጮልቃ አየች። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። እትዬ ራዲያ አልዋሹም።

እንግዲህ አይፈረድባትም። መርካቶ ያደገ ልጅ መሄድ ሲጀምር ኪሱን መዳበስም አብሮ ይጀምራል። የኢክራ አባት ባህረዲን ደግሞ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነው። ጨርቅ ሲገዛ አስለክቶ ይገዛል፤ ሱቁ ሲገባ እንደገና ይለካዋል። ሌላው አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ «በርቺ» እንደሚለው፣ እሱ «እቃሽን ለሰው ሰጥተሽ ፊትሽን አታዙሪ» ይላታል።

የአባቷ ሱቅና የእትዬ ራዲያ የአዝራርና የክር ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ዋይፋዩንም የሚጋሩት በዚያ ነው። ኢክራ ተመልሳ ስትገባ ላፕቶፑ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በመቀሱና በጠመኔው መካከል ተከፍቶ ይጠብቃታል። የኔትወርኩን ዝርዝር ነካችው። ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ቢያንስ የአሥር ሱቅ ስም ይደረደርበት ነበር። ዛሬ የእትዬ ራዲያ ብቻ ሳይሆን የማንም የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ድንኳኑን ነቅሎ የሄደ ይመስላል። አጥፍታ አበራችው። ባዶ። እንደገና አጥፍታ አበራችው። አሁንም ባዶ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። ዛሬ ቅዳሜ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ፣ ሦስት ወር የለፉበት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ የእሷና የጓደኛዋ የሁሪያ። የትምህርት ቤታቸውን የኮምፒውተር ክበብ የሚመሩት መምህር ይገረም ስለ አንድ የተማሪዎች ውድድር ነግረዋቸው፣ «ስለምታውቁት ቦታ ሥሩ» ሲሏቸው፣ ሁለቱ ልጆች የመርካቶን ተራዎች መረጡ። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ... የትኛው ተራ ምን እንደሚሸጥ፣ በየት ተገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ እንግዳ ሰው እንዳይጠፋበት በእግራቸው ዞረው ካርታ ሠሩለት። ሁሪያ በታላቅ ወንድሟ ስልክ ፎቶ አነሳች፤ ኢክራ ጻፈች። ያሸነፉት ሁለት ልጆች ክረምቱን ሙሉ የኮምፒውተር ሥልጠና ያገኛሉ። ኢክራ ክረምቱ እስኪደርስ ቀን ትቆጥራለች። አባቷ ያለው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ እሷም የራሷ ስልክ የላትም። ያላት ይህ ያገለገለ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

መቼ ነው የተበላሸው? ወደ ኋላ ቆጠረች።

ረቡዕ ይሠራ ነበር። ረቡዕ ወደ ማምሻው ላይ አባቷ ከኮት በተረፈ ሱፍና በስፖንጅ ልባስ ሰፋለት። ሜትሩን በላፕቶፑ ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዙሮ፣ እንደ ሙሽራ ለክቶ። ሲያለብሰው ልክክ አለ። «ሰፊ ልብስ የሰነፍ ሰፊ ምልክት ነው» አለ ባህረዲን፣ ደስ ብሎት እየዳበሰው። ሐሙስ ሁሪያ ፎቶዎቹን ላስተካክል ብላ ከነልባሱና ከነፍላሹ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ዓርብ መለሰችው፤ ፍላሹን ግን «ረሳሁት» አለች። ዓርብ ፈተና ስለነበረ ኢክራ አልከፈተችውም። ዛሬ ከፈተችው፤ አልሠራም።

ሐሙስ። ሁሪያ።

ኢክራ ሐሳቡን ገፋ አደረገችው። ከሁሪያ በፊት የምትጠረጥረው ሌላ ሰው አለ።

አስናቀው ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር፣ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። «ይህ ሽማግሌ ዊንዶውስ ተሸክሞ ዳገት አይወጣም» ብሎ በዊንዶውስ ፋንታ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫነላት እሱ ነው፤ ያኔ የዋይፋዩን ካርድ በደካማ ቀይሮባት ቢሆንስ? ኢክራ ላፕቶፑን ከነልባሱ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከተሸካሚና ከጋሪ እየሸሸች ደረሰች። አስናቀው ውሃ የገባበት ስልክ እየፈታ ነበር።

«ሰኞ ነይ። እዚህ ተይውና ሂጂ» አላት፣ ሳያያት።

«አልተወውም።»

«ታዲያ እንዴት ልጠግነው? በጸሎት?»

«እዚሁ ቆሜ እያየሁ።»

አስናቀው ቀና ብሎ ሳቀ። «ነቄ ነኝ ማለትሽ ነው። የእኔን ሱቅ የሌባ ዋሻ አደረግሽው እኮ።»

«እንደዛ አላልኩም፣ ጋሼ። ግን...» አለች ኢክራ። «የዋይፋዩ ካርድ ውስጡ አለ አይደል? አልተቀየረም?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። አስናቀው ግን አልተቆጣም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ሳይሰማ አይቀርም። ላፕቶፑን ከልባሱ አውጥቶ ገለበጠው፤ ከታች አንዱ ብሎን ላይ የለጠፋትን ፊርማው ያለባትን ብጣሽ ወረቀት አሳያት።

«ይህቺ ካልተቀደደች ሆዱን የከፈተው ሰው የለም። አሁን አብሪውና ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ። የምልሽን ጻፊ።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገራት። ጻፈች። ብዙ መስመር ተግተለተለ፤ አስናቀው በጠመንጃ መፍቻው አንዱን መስመር ነካ አደረገው። «ይኸው የዋይፋይ ካርድሽ። ቤቱ ቁጭ ብሏል። ሊኑክሱም ያውቀዋል።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ካርዱ ካለ፣ ሊኑክሱም ካወቀው፣ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ዘግቶታል። መጨረሻ የነካው ማነው?»

ኢክራ ላፕቶፑን ልባሱ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«እሱን ጠይቂ። እኔን ግን ሰኞ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ኢክራ ወደ አንዋር ስትመለስ የሰው ግፊያም፣ የደላሎች ጩኸትም አልተሰማትም። የምትሰማው ትናንት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ስታልፍ ሳታስበው ጆሮዋ የገባውን ነገር ነበር። ሁሪያና እምነት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። እምነት በዚሁ ውድድር ከሌላ ልጅ ጋር ገብታለች፤ ተፎካካሪያቸው ናት። ሁሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለኢክራ እንዳትነግሪያት። ማርያምን በይ» ስትል፣ እምነትም «ማርያምን» ስትል ሰምታለች። ትናንት የልደት ነገር ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። አሁን ግን ልደቷ ገና አራት ወር እንደሚቀረው ትዝ አላት።

ሱቁ ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። ዓርብ ጠዋት ሁሪያን «ኢንተርኔቱ አስቸገረሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር፤ ሁሪያም «ኧረ አሪፍ ነበር፣ ቅቤ» ብላታለች። የተከፈቱ ገጾች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ሐሙስን ፈለገች። ረቡዕ አለ፤ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ሐሙስ የሚል ቀን ግን የለም። አንድም ገጽ አልተከፈተም።

ዋሽታኛለች።

ኢንተርኔቱ ሐሙስ አልሠራም፤ ሁሪያ ታውቃለች፤ ዋሸች። ፍላሹን አልመለሰችም፤ ፎቶውም ጽሑፉም በሙሉ ፍላሹ ላይ አለ። ከእምነት ጋር ደግሞ ምስጢር አላት። ሦስቱ ነገር አንድ ላይ ሲገጣጠም እንደ ኮትና እጅጌ ሆነ።

በአባቷ ቁጥር የተከፈተው ቴሌግራም ላፕቶፑ ላይ አለ። ከፈተችውና የመምህር ይገረምን ስም ፈለገች። እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ቲቸር፣ ሁሪያ ላፕቶፔን ሆን ብላ አበላሽታዋለች። ሥራችንን ለእነ እምነት ሳትሰጣቸው አልቀረችም። እባክዎ ስሟን ከሥራው ያውጡልኝ።»

መላኪያውን ተጫነችው። መልእክቱ ወጥቶ ተሰለፈ፤ ጎኑ ላይ ግን ትንሽ የሰዓት ምስል ቀረች። ኢንተርኔት የለማ። ኢክራ ይህቺን ሰዓት ታውቃታለች። መስመር በመጣ በዚያው ቅጽበት መልእክቱ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይሄዳል። ይሂድ፣ አለች በልቧ። መስመሩ ብቻ ይምጣ።

«ቁልፎቹን ምን ብለውሽ ነው እንዲህ የምትደበድቢያቸው?» አለ ባህረዲን ከስፌት መኪናው ሳይነሳ።

«አባ፣ የምታምነው ሰው እቃህን ቢያበላሽብህ ምን ታደርጋለህ?»

ባህረዲን በከንፈሩ የያዘውን መርፌ አወጣ። «ሲያበላሽ አይቼዋለሁ?»

«አላየኸውም። ግን ታውቃለህ።»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው ልብስ ነው። ሰው ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ፣ ወፍረህ ነው ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ልብሱን ነው የምለካው።»

«ለክተኸው ልክ ቢሆንስ?»

«ያኔ ወፍሯል ማለት ነው።» ሳቀ፤ ወዲያው ግን ጨርቁን እያለሰለሰ ጨመረ፤ «አብዛኛውን ጊዜ ግን እጄ ነው የሚስተው።»

ኢክራ አልሳቀችም። ልክ የሚባለውን ሁሉ ለክቼ ጨርሻለሁ ብላ ነበር የምታስበው።

ሁሪያ የመጣችው ባህረዲን ለአስር ሶላት ወደ መስጊድ ከሄደ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሻሿ ወደ ጎን ዞሯል፤ ታለከልካለች።

«ኧረ ውሃ ካለ ስጪኝ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሬ ነው። እዛ ያለው ኢንተርኔት ቤት ዝግ ነው አሉኝ።»

«ኢንተርኔት ቤት ምን ልትሠሪ?»

«በፍላሹ ልልከው ነበራ፤ ይኸው ይዤዋለሁ።»

«ብቻሽን?»

ሁሪያ ሻሿን እያስተካከለች አየቻት። «ምነው ፊትሽ? ሎሚ ያስመጠጡሽ ነው የምትመስይው።»

«ላፕቶፑ ኢንተርኔት አልገባ ብሏል» አለች ኢክራ፣ እያንዳንዷን ቃል እየለየች፤ ከዚያም አፍጥጣ ጠበቀች።

ሁሪያ አልደነገጠችም። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች፤ ኪሷ ገባችና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«አልገረመሽም» አለች ኢክራ።

«መጀመሪያ እንሞክረው።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በወይን ጠጅ ቀለም ነው። ከክፍላቸው በወይን ጠጅ ቀለም የምትጽፍ አንዲት ልጅ ብቻ አለች።

«የእምነት ጽሑፍ ነው።»

«አዎ።»

«በእኛ ላፕቶፕ እምነት ምን አገባት?»

«ኢክሩ፣ ሰዓት የለንም። ስድቡን በኋላ ታደርሺልኛለሽ። አሁን ወንበሩን ልቀቂልኝ።»

ኢክራ የቴሌግራሙን መስኮት ዝቅ አድርጋ ደበቀችና ተነሳች። ግን አልራቀችም። ከሁሪያ ትከሻ ጀርባ ቆማ፣ አባቷ የጨርቅ ነጋዴ ሲለካ ጣቱን እንደሚያየው፣ የሁሪያን ጣቶች አየች። ትንሽ ብታጠፋ፣ አንድ ፋይል ብትነካ፣ ወዲያው ትይዛታለች።

ሁሪያ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ከወረቀቱ ላይ እያየች ጻፈች። ስትሳሳት ትሰርዛለች፤ ምላሷን ትነክሳለች። መጨረሻ ላይ ስለ ዋይፋዩ ሁለት መስመር ወጣ፤ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሶፍት ብሎክድ፣ ኖ። ሃርድ ብሎክድ፣ የስ።» ወረቀቱን ተመለከተች። «የመጀመሪያው የስ ቢል ኖሮ ኮምፒውተሩ ራሱ በትእዛዝ ዘግቶታል ማለት ነበር። ሁለተኛው የስ ካለ ግን... ቆይ ላንብበው... አካሉ ላይ ባለ ማጥፊያ፣ በእጅ ተዘግቷል ይላል።»

«በእጅ» አለች ኢክራ ቀስ ብላ። «በማን እጅ?»

ሁሪያ እጆቿን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች።

«ሐሙስ እኔ ጋም አልሠራም» አለች።

«አሪፍ ነበር ብለሽኛል። ቅቤ።»

«ዋሽቼሽ ነው።» ወረቀቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። «ከልባሱ አውጥቼ ስከፍተው ምንም ኔትወርክ የለም። እህቴ ደግሞ ሻይ አጠገቡ አስቀምጣ ነበር፤ የፈሰሰበት መሰለኝ። አንድ ቀን ተውሼ አበላሸሁት ብዬ እንዴት ልንገርሽ? አንቺ እኮ ላጲስ ሲጠፋብሽ የክፍሉን ልጅ ሁሉ የምትፈትሺ ሰው ነሽ። የእምነት ወንድም ኮምፒውተር ይማራል፤ እሷን ለመንኳት። ዛሬ ጠዋት ነው ጠይቃው የጻፈችልኝ።»

ጥሩ ታሪክ ነው፣ አለች ኢክራ በሆዷ። በጣም ጥሩ ታሪክ ነው። ውሸታም ሰው ደግሞ ጥሩ ታሪክ አያጣም።

«ማጥፊያው የታለ?» አለች በደረቁ።

ላፕቶፑን ከድነው ዙሪያውን ፈለጉ። በቀኝ ጎኑ፣ ከጠርዙ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ተንሸራታች ነገር አለች። ኢክራ እስከ ዛሬ የባትሪ መቆለፊያ ትመስላት ነበር። ከጎኗ ቀይ ነጥብ ይታያል። ሁሪያ በጥፍሯ ገፋ አደረገቻት። ቀጭ። ቀዩ ነጥብ ተሸፈነ።

ይህን ጊዜ ባህረዲን ጫማውን እያራገፈ ገባ።

«ሁሪያ፣ እንዴት ነሽ ልጄ? ኧረ ያንን እቃ ከመቀሱ አጠገብ እርቃኑን አታስቀምጡት። ልባሱ የት ሄደ?»

ሁሪያ ተነስታ ሰላም አለችውና ከጄሪካኑ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ኢክራ እንደ ልማዷ ላፕቶፑን ልባሱ ውስጥ ከተተችው። ትንሽ ታገል ያደርጋል፤ ጫን ብላ ገፋችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሁሪያ፣ ብርጭቆውን ይዛ። «ልንከፍተው አይደል?»

«እሺ፣ እሺ።» መልሳ አወጣችው። ወደ ጎኑ ተመለከተች።

ቀዩ ነጥብ ተመልሷል።

ሁሪያ ከጄሪካኑ አጠገብ ነበረች። አባቷ ጫማውን እየፈታ ነበር። ላፕቶፑን የነካው የኢክራ እጅ ብቻ ነው። ማጥፊያዋን ከፈተቻት፤ ልባሱ ውስጥ ከተተችው፤ አወጣችው። ቀይ። ደገመችው። ቀይ። እጇን ልባሱ ውስጥ ሰደደችና በቀኝ በኩል ያለውን ዳበሰች። እዚያ ጋ ስፌቱ ድርብ ነው፤ እንዳይተረተር ብሎ አባቷ ሁለቴ የሄደበት። ሲገባ የሚይዛት ይህ ነው። አባቷ ሦስት ጊዜ የለካው ልባስ፣ ልክክ ስላለ ብቻ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ኢንተርኔቱን ሲዘጋ ከርሟል። ሐሙስ ሁሪያ ቤት፣ ዛሬም እዚህ፣ አስናቀው ጋም ይዛው ስትሄድ።

«ልባሱ ነው?» አለች ሁሪያ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ዓይኗ ውሃ ሞላ። «ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልበላሁም እኮ። ወላሂ። ልባሱ ነው?» አጎንብሳ ማጥፊያዋን ራሷ ገፋቻት፤ ክዳኑንም ከፈተችው። ማያው በራ። ከጥግ በኩል የኔትወርኩ ምልክት መዞር ጀመረ፤ እየፈለገ ነው። አንድ ስም ብቅ አለ፤ ሁለት ስም፤ አምስት።

ኢክራም ልትስቅ ነበር። ያቺ ትንሽ ሰዓት ትዝ ያለቻት ያን ጊዜ ነው።

አውራ ጣቷ ከአእምሮዋ ቀደመ። ቀጭ። ስሞቹ በሙሉ ጠፉ።

«ምን ነካሽ?» አለች ሁሪያ። «አሥር ተኩል ሆኗል እኮ።»

«አንድ ነገር አለ። አንድ ደቂቃ።»

ኢክራ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችና የቴሌግራሙን መስኮት ከፍ አደረገች። መልእክቱ አለ፤ ሰዓቷም ጎኑ ላይ አለች። ሦስት መስመር ናት። ሰርዝ የሚለውን መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ማንም አላየም፤ መምህር ይገረምም አያውቁም፤ ሁሪያም አታውቅም። ጣቷን አስጠጋች።

ሁሪያ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ፣ የታጠፈውን ወረቀት በሁለት ጣቷ እያሻሸች ትጠብቃለች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። አጮልቃም አላየችም። ኢክራ ብትሆን ኖሮ አጮልቃ ታይ ነበር።

ጣቷን መለሰች። ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ወደ ሁሪያ አዞረችው።

ሁሪያ አነበበች። ሲበዛ አጭር ጽሑፍ ነው፤ እሷ ግን ብዙ ቆየችበት። ደግማ ያነበበችው ይመስላል። የባህረዲን መኪና ጠክ ጠክ እያለ ይሰፋል።

«ልትልኪው ነበር?» አለች በመጨረሻ።

ነበር ማለት ይቻል ነበር። «ልኬዋለሁ» አለች ኢክራ። «አልሄደልኝም እንጂ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ የሌላ ሰው ይመስል ጠፍቷል። ጣቷን አንስታ መልእክቱን ነካችው፤ ሰረዘችው። የሰዓቷ ምስልም አብራ ጠፋች። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠችም፤ ወደ በሩ እያየች ነበር።

ኢክራ ቀደም ብላ ላፕቶፑ ላይ አውርዳ ያስቀመጠችውን የውድድሩን ፎርም ከፈተች። መስመሩ ሲመጣ ሞልቶ መላክ ብቻ ነው የቀረው። የሥራው ርእስ፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የተሳታፊዎች ስም። ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን የምትሞላው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሲሞላው እጇ ያሳክካታል።

ወንበሩን ወደ ሁሪያ ሳበችላት።

«አንቺ ሙዪው» አለች። «ስሙንም።»

ሁሪያ ላፕቶፑን አየች፤ ከዚያ እሷን አየች። ኢክራ መልስ አልጠበቀችም። ልባሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይከፈትልኝ።»

መኪናው ቆመ። «ጠበበ?» አለ ባህረዲን። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅር የመሰኘት ነገር ነበረበት።

«አልጠበበም፣ ልክ ነው። በዚህ ጎኑ ግን አንዲት ማጥፊያ አለች፤ ሲገባ ይጎትታታል። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ፤ አላውቃትም ነበር።»

ባህረዲን አልተከራከረም። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ልባሱን መለካት ጀመረ። «ምን ያህል ልክፈተው?»

«አንድ ጣት።»

«ያዢልኝ እስቲ ከዚህ።»

ኢክራ ከመኪናው ማዶ ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ለጠረጴዛው ሰጥታ፣ የልባሱን ጠርዝ ወጥራ ያዘችለት። አባቷ በምላጭ ስፌቱን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ከኋላዋ ወንበር ሲሳብ ሰማች።

ከዚያ፣ ቀጭ።

አንገቷ ሊዞር ፈለገ። ልባሱን አጥብቃ ያዘችና አልዞረችም።